የአግድም ቁፋሮ ሎኬተርን በደህና ለመጠቀም፦ ከጠዋቱ ዝግጅት እስከ መውጫው ጉድጓድ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የፋይበር ዝርጋታ ላይ አዲስ የገቡ ልጆች ደጋግመው የሚደውሉልኝ በአንድ ጉዳይ ነው። «ስክሪኑ ስድስት ጫማ አለኝ። ጉድጓዱን ስንከፍተው ግን አምስት ጫማ ላይ አገኘነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ደህና ነው። ነገሩ የተበላሸው ጠዋት፣ ሪጉ (የቁፋሮው ማሽን) ገና ሳይነሳ ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ የምቆየው ከቁፋሮው በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ጥልቀት የሚሆነው እናንተ በሜትር (በመለኪያ ቴፕ) ለክታችሁ ካረጋገጣችሁት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግምት ነው። የጋዝ መስመር ደግሞ በግምት አይታለፍም።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ

ትራንስሚተር፣ አንዳንዱ ሶንድ የሚለው፣ ከመቆፈሪያው ጫፍ በስተኋላ ባለው የብረት ቤት ውስጥ የሚገባው፣ ሲግናል የሚልከው ዘንግ ነው። ሪሲቨር፣ ሎኬተር የምንለው ራሱ፣ ሲግናሉን እየተቀበለ እናንተ ከላይ ይዛችሁት የምትሄዱት ነው። ሦስተኛው ሪጉ ላይ የተሰቀለው ስክሪን ሲሆን ድሪለሩ (ሪጉን የሚነዳው ሰው) የሚያየው እሱን ነው። ፒች ጫፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል እንዳዘነበለ ይነግራል። ሮል ደግሞ ጫፉ በየት በኩል እንደዞረ ይነግራል፤ እንደ ሰዓት ከ1 እስከ 12።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይታወቅ። ይህ ሪሲቨር የተሠራው የራሱን ትራንስሚተር ለመከታተል ብቻ ነው። የጋዝ ቱቦ አያገኝም። የመብራት ገመድ አያገኝም። የተቀበረ መስመር የሚፈልገው መሣሪያ ሌላ ነው፤ እሱም ሎኬተር ስለሚባል ስሙ ያምታታል። «ሎኬተሩ ምንም አላሳየም፣ ከስር ባዶ ነው» ብሎ ለመቆፈር የተነሳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ።

ደረጃ 1፦ የተቀበሩትን መስመሮች በዓይናችሁ እዩ

1. 811 ላይ (የተቀበሩ መስመሮች እንዲሰመሩ ከቁፋሮ በፊት የሚደወልበት ቁጥር) አስመዝግቡ። ምን ያህል የሥራ ቀን ቀደም ብሎ እንደሚደወል እንደየስቴቱ ይለያያል። ቁፋሮው የሚያልፍበትን መንገድ በነጭ ቀለም አስምሩ። ሌላ ድርጅት ከ811 ባወጣው ቲኬት (የምዝገባ ቁጥር) አትቆፍሩ።

2. ቀለሞቹን በቃላችሁ ያዙ። ቀይ መብራት፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ፋይበር፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውኃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። ዝናብ ቀለሙን ካጠበው ሥራ አትጀምሩ፤ ድጋሚ ይመልከቱልን በሉ።

3. ምልክት ያልተደረገበትን ጠይቁ። በ811 የሚመጡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከቆጣሪው ወዲያ፣ በሰውዬው ግቢ ውስጥ ያለውን መስመር አያሰምሩም። ወደ ጋራዡ የሚሄደው መብራት፣ ለግሪል የተሳበው ጋዝ፣ የሣር ማጠጫው፣ የውሻ ማገጃው ሽቦ የእናንተ የቤት ሥራ ነው። ባለቤቱን አንኳኩታችሁ ጠይቁ። ከቤት ወደ መንገድ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦም ብዙ ጊዜ አይሰመርም። ቁፋሮው የሚያቋርጠው ከሆነ ቱቦው በካሜራ ይታይ። ሳይታወቅ የተበሳ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የጋዝ መስመር ቢያልፍ፣ ከዓመታት በኋላ የተዘጋ ፍሳሽ ሊከፍት የመጣ ሰው ጋዙን በማሽን ይቆርጠዋል።

4. የምታቋርጡትን መስመር ሁሉ ቆፍራችሁ አጋልጡ። ቀለሙ የሚነግራችሁ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው፤ ጥልቀቱን አይነግራችሁም። ከምልክቱ ግራና ቀኝ፣ እንደየስቴቱ 18 ወይም 24 ኢንች ውስጥ፣ በእጅ ወይም በቫኪዩም ትራክ (አፈሩን በሚመጥ መኪና) እንጂ በማሽን አትቆፍሩ። ቱቦውን ካገኛችሁት በኋላ ጥልቀቱን በሜትር ለኩና አስፋልቱ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 2፦ ትራንስሚተሩን አሰናዱ

1. አዲስ ባትሪ አስገቡ። «ትናንት ግማሽ ነበር» የሚባል ባትሪ መንገድ ስር ሲሞት ጫፉን ስቦ ከማውጣት ሌላ አማራጭ የለም።

2. የብረት ቤቱን ክፍተቶች ጥረጉ። ሲግናሉ የሚወጣው በጎኑ ባሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ነው። የብረት ፍርፋሪ ከደፈናቸው ሲግናሉ ይታፈናል።

3. ትራንስሚተሩ ቤቱ ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም። ነቅንቁት። ኳ ኳ ካለ በላስቲክ ቀለበት ወይም በቴፕ አጥብቁት። ድንጋይ ውስጥ ሲገባ የሚሰባበረው ላልቶ የገባው ነው።

4. ሮሉን ፈትሹ። ጫፉን ወደ ላይ በሚወስድበት አቀማመጥ አስተኙት። ስክሪኑ 12 ማለት አለበት። ሌላ ቁጥር ካለ፣ ትራንስሚተሩ በቦታው አልገባም ወይም ማስተካከያው አልተሞላም። ይህን ሳታስተካክሉ ከጀመራችሁ «ወደ ቀኝ» ስትሉ ወደ ታች ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በሪሲቨሩ ሂዱበት

ትራንስሚተሩ ጠፍቶ፣ ሪሲቨሩን ይዛችሁ ከመግቢያው እስከ መውጫው ቀስ ብላችሁ ሂዱ። አሁን ሪሲቨሩ የሚሰማው ሁሉ ረብሻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ቦታ ሁሉ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ረብሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱ የሚጮኽ ነው፦ የመብራት መስመር፣ የትራፊክ መብራት ከአስፋልት ስር ያስቀበረው ሽቦ፣ የውሻ ማገጃ። ይህን በእግር ጉዞው ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ዝም ብሎ ሲግናሉን የሚውጥ ነው፦ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ፣ የብረት አጥር፣ የቆመ መኪና። ትራንስሚተሩ ጠፍቶ ስትሄዱ ይህኛው አይታይም። ፌሮ ሲግናሉን ሲያዳክመው ሪሲቨሩ ጫፉ የራቀ ይመስለዋል፤ ጥልቀቱን ከእውነተኛው አብዝቶ ያሳያል። አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እናንተ ሰባት ጫማ ላይ ነን ስትሉ ጫፉ ስድስት ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ሂዱ፤ ለሁለት። አንዱ የበራውን ትራንስሚተር ይይዛል፣ ሌላው ሪሲቨሩን። የታሰበውን ጥልቀት ያህል ተራርቃችሁ፣ ጎን ለጎን በእኩል እርምጃ ሂዱ። ርቀታችሁ ሳይለወጥ ቁጥሩ ከዘለለ እዚያ ቦታ ላይ ችግር አለ።

መሣሪያው ከአንድ በላይ ፍሪኩዌንሲ ካለው በሁሉም ሞክሩና ጸጥ ያለውን ምረጡ። ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ ፌሮ ባለበት ይሻላል። የመረጣችሁት ከመሃል ከተቀየረ ግን ካሊብሬሽኑም (ሪሲቨሩን በታወቀ ርቀት ማስተካከሉ) እንደ አዲስ ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ካሊብሬሽን

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው።

1. ቦታ ምረጡ። ደልዳላ ሣር ወይም አፈር ይሁን። ከመኪና፣ ከሪጉ፣ ከብረት አጥር ራቁ። የጋራዥ ፊት ለፊት ኮንክሪት ደልዳላ ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ውስጡ የብረት መረብ ሊኖር ይችላል።

2. ትራንስሚተሩ የብረት ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ ከነጫፉ ሣሩ ላይ ይተኛ። ሪሲቨሩን ጎን ለጎን፣ በትይዩ አስቀምጡ።

3. በሜትር 10 ጫማ ለኩ፤ ከትራንስሚተሩ መሃል እስከ ሪሲቨሩ ድረስ። ከሪሲቨሩ የትኛው ጠርዝ ላይ እንደሚለካ የመሣሪያው ማንዋል በሥዕል ያሳያል። በእርምጃ አትለኩ።

4. ካሊብሬሽኑን አስጀምሩ። እስኪያልቅ ማንም በመሃል አይለፍ።

5. አሁን አረጋግጡ። ሪሲቨሩን ወደ 5፣ ወደ 15፣ ወደ 20 ጫማ ውሰዱት። ስክሪኑ ከሜትሩ ጋር በ5 በመቶ ውስጥ መስማማት አለበት። 20 ጫማ ላይ ይህ 1 ጫማ ማለት ነው። ካልተስማማ ቦታ ቀይራችሁ እንደገና ጀምሩ።

ብዙ ሰው ቁጥር 5ን ይዘለዋል። እኔም ዘልዬ አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ዝናብ ሊመጣ ሲል ቸኩዬ ትራንስሚተሩን ቤቱ ውስጥ ሳላስገባ፣ ባዶውን ሣር ላይ አስተኝቼ ካሊብሬት አደረግኩት። ብረት ስላልሸፈነው ሲግናሉ ጠንካራ ነበር። ሪሲቨሩ ያንን ጥንካሬ «10 ጫማ» ብሎ ያዘው። በኋላ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ሲግናሉ ደከመ። ደካማ ሲግናል ለሪሲቨሩ ጥልቅ ማለት ነው። ስክሪኑ ስድስት ጫማ ሲለኝ፣ በአካፋ የተከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ጫፉ አምስት ጫማ ከሁለት ኢንች ላይ ነበር። ከሱ በላይ የስልክ ገመድ አራት ጫማ ተኩል ላይ ይታያል። የቀረው ስምንት ኢንች ነው። ጉድጓዱ ባይኖር ኖሮ ይህንን አላውቅም ነበር።

ትራንስሚተር፣ ሪሲቨር፣ የብረት ቤት ወይም ፍሪኩዌንሲ በተቀየረ ቁጥር ካሊብሬሽኑ ይደገማል። ይህ ከመሬት በላይ የሚደረገው ካሊብሬሽን ጫፉ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ሊደረግ አይችልም።

ደረጃ 5፦ ከድሪለሩ ጋር በአንድ ቋንቋ ተናገሩ

ይህ ለእኛ ለሀበሾች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለው።

አንድ ጊዜ ድሪለሩም እኔም ሀበሻ ነበርን። በሬዲዮ በአማርኛ እናወራለን። ትንሽ ዝቅ እንዲል ፈልጌ «ስድስት ሰዓት ላይ ግፋ» አልኩት። እኔ ያልኩት ስክሪኑ ላይ ያለውን 6 ነው፤ ወደ ታች። እሱ በሀበሻ ሰዓት ሰማው። በኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው፣ ሰዓት ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ። ጫፉን ወደ ላይ አዙሮ ገፋ። ፒቹ ከ -4 ወደ -1 ሲወጣ አየሁና «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ግማሽ ሮድ (ጫፉን የሚገፋው የብረት ዘንግ) እንኳ አልሞላም ነበር። ከፊታችን መስመር ስላልነበረ ብቻ በደህና አለፍን።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ሰዓት» የሚለውን ቃል በሬዲዮ አልጠቀምም። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

1. ቁጥሩንም አቅጣጫውንም ርዝመቱንም አንድ ላይ ተናገሩ። «ቁጥር 6፣ ወደ ታች፣ ግማሽ ሮድ።» ወደ ላይ ቁጥር 12፣ ወደ ቀኝ ቁጥር 3፣ ወደ ግራ ቁጥር 9 ነው። ግራና ቀኙ ከሪጉ ወደ ፊት ሲታይ ነው፤ እናንተ ፊታችሁን ወደ ሪጉ አዙራችሁ ስትቆሙ ይገለበጣል።

2. ድሪለሩ ቃል በቃል ይድገመው። ሳይደግም አይግፋ።

3. መለኪያውን ተስማሙ። 4.9 ጫማ ማለት አራት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች አይደለም፤ አራት ጫማ ከአሥራ አንድ ኢንች ገደማ ነው። ሁለቱም ስክሪኖች በአንድ መለኪያ መሆናቸውን እዩ። ፒችም በመቶኛ ይሁን በዲግሪ ተነጋገሩ፤ 10 በመቶ 6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

4. ሬዲዮው ከተቋረጠ ሥራው ይቆማል። ይህን ጠዋት ተስማሙበት።

ደረጃ 6፦ ጫፉን መከታተል

1. ድሪለሩ ያቁም። ሮዱ እየዞረ ጥልቀት አትውሰዱ።

2. ሪሲቨሩ ከጫፉ በስተኋላ የሚያሳየውን ነጥብ ፈልጉ። ባንዲራ ትከሉ።

3. ወደ ፊት ሄዳችሁ ከጫፉ ፊት የሚያሳየውን ነጥብ ፈልጉ። ሌላ ባንዲራ ትከሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር የጫፉ አቅጣጫ ነው።

4. በዚያ መስመር ላይ፣ በሁለቱ መካከል፣ ሪሲቨሩ በትራንስሚተሩ አናት ላይ የሚያሳየውን የመሃል መስመር ፈልጉና ጥልቀቱን እዚያ ውሰዱ። የኋላና የፊት ነጥቦቹን ሳያገኙ የመሃል መስመሩን ብቻ የሚያሳድድ ሰው ጫማዎች ያህል ወደ ጎን ሊስት ይችላል፤ ያ መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ርቆ ይቀጥላልና።

5. ሪሲቨሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትለኩት ወይስ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ? ከመሬት ያለው ከፍታ በሪሲቨሩ ውስጥ መሞላት አለበት። ሳይሞላ 20 ኢንች ከፍ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ጥልቀቱ 20 ኢንች በዝቶ ይነበባል።

6. ቁጥሩን በሁለት መንገድ ፈትኑት። መጀመሪያ፦ በፊትና በኋላ ባንዲራዎች መካከል ያለው ርቀት የጥልቀቱ 1.4 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ጥልቀቱ 10 ጫማ ከሆነ ባንዲራዎቹ 14 ጫማ ገደማ ይራራቃሉ። ይህ ጫፉ አግድም ሲሆን ነው፤ ፒቹ ሲበዛ ይዛባል። ሁለተኛ፦ ሪሲቨሩን በሜትር 1 ጫማ ከፍ አድርጉት። ጥልቀቱም በ1 ጫማ መጨመር አለበት። ካልጨመረ ረብሻ አለ።

7. ጻፉ። የሮዱ ቁጥር፣ ፒቹ፣ ጥልቀቱ። ለእያንዳንዱ ሮድ። ባለ 10 ጫማ ሮድ በ -8 በመቶ ከገባ ጫፉ 10 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ስክሪኑ ሁለት ጫማ ወረደ ካለ ወይ ፒቹ ወይ ጥልቀቱ ይዋሻል።

ዓይናችሁ ስክሪን ላይ እያለ እግራችሁ መንገድ ውስጥ እንዳይገባ። መኪና በሚያልፍበት ቦታ ትራፊክ የሚጠብቅላችሁ ሰው ይኑር።

ደረጃ 7፦ መስመር ማቋረጥ

የተጋለጠው መስመር ጋ ስትደርሱ ድሪለሩ ቀስ ይበል። ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ሰው ይቁም፤ ውስጡ አይግባ። ጫፉ በተባለው ጥልቀት ሲያልፍ በዓይኑ አይቶ «አለፈ» ይበል። ጉድጓዱን አትድፈኑ። የምትዘረጉት ቱቦ ወደ ሪጉ ሲሳብ ሪመሩ (ቀዳዳውን የሚያሰፋው መሣሪያ) ከጫፉ ይሰፋል። ጫፉ ሲሄድ የተረፈውን የተቀበረ መስመር ሪመሩ ሲመለስ ሊቆርጠው ይችላል። ያን ጊዜም ሰው ቆሞ ይይ።

ነገሩ ሲበላሽ

ሲግናል ከጠፋ፦ አንድ ኢንች እንኳ አትግፉ። ሪጉ ላይ ብቻ ጠፍቶ እናንተ ጋ ካለ የሬዲዮ ግንኙነቱ ነው፤ ቀረብ በሉ ወይም ቻናል ቀይሩ። ሁለቱም ጋ ከጠፋ ወደ መጨረሻው ባንዲራ ተመለሱ። ብዙ ትራንስሚተሮች ሳይዞሩ ከቆዩ ይተኛሉ፤ ድሪለሩ ቀስ ብሎ ያዙር። አሁንም ካልመጣ አንድ ሮድ ወደ ኋላ ሳቡ። እንደገና ካልመጣ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ቀኑ ይባክናል፤ ይባክን።

ጥልቀቱ ከዘለለ፦ በደረጃ 3 ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ ላይ ናችሁ? ከሆናችሁ ቁጥሩን ተዉት። ከረብሻው በፊት በተወሰደው ጥልቀትና በፒቹ እያሰላችሁ እለፉ፤ ከረብሻው ወዲያ በሪሲቨር አረጋግጡ። በዚያ ቦታ ላይ የሚቋረጥ መስመር ካለ ግን ሂሳብ አይበቃም፤ ጉድጓድ ክፈቱ።

ሙቀት ከወጣ፦ የትራንስሚተሩ ሙቀት ከ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ አቁሙና ቀዝቃዛ ጭቃ (የቁፋሮ ፈሳሽ) አፍስሱበት። ቴርሞሜትሩ ያለው ውስጡ ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚናገር፤ ውጪው ከዚያ በላይ ሞቋል። ፍጥነትና ግፊት ቀንሱ።

መስመር ከተመታ

መብራት ከሆነ፦ የሪጉ ማንቂያ ሲጮኽ ባላችሁበት ቁሙ። እግራችሁን ግጠሙ። ሪጉን፣ ሮዱን፣ የጭቃ ማሽኑን አትንኩ። ድሪለሩ ከሪጉ አይውረድ። የግድ መራቅ ካለባችሁ እግራችሁን ሳታነሱ፣ ሳታራርቁ እየጎተታችሁ ሂዱ፤ መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው እንዳይጠጋ ጩኹ። ማንቂያው ዝም ስላለ ብቻ አልጠፋም፤ የመብራት ድርጅቱ ጠፍቷል እስኪል ጠብቁ። የሚከላከል ጓንትና ቦት ጫማ ከጠዋት ጀምሮ መልበስ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ጋዝ ከሆነ፦ ሞተሩን አጥፉ፣ ሁሉን ጥላችሁ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እየሄዳችሁ ራቁ። ሮዱን ለመሳብ አትሞክሩ። ቫልቭ አትንኩ፣ ቀዳዳውን አትድፈኑ። ከራቃችሁ በኋላ 911 ከዚያም ጋዝ ድርጅቱን ደውሉ። በአካባቢው ያሉትን ቤቶች «ውጡ» በሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በዊስኮንሲን ሰን ፕሬሪ ከተማ በፋይበር ሥራ ላይ ዋናው የጋዝ መስመር ሲመታ ፍንዳታው ወዲያው አልመጣም። በመሃል ባለው ጊዜ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰዉን ከሕንፃዎቹ አስወጥተው ነበር። ፍንዳታው ሲመጣ ከነሱ አንዱ፣ አንድ ካፒቴን፣ ሕይወቱ አለፈ። ሽታው ቀላል ነው ብላችሁ ደቂቃ አታባክኑ።

ደረጃ 8፦ መውጫው ጉድጓድ ላይ

ሰው በጣም የሚዘናጋው እዚህ ነው፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ጫፉ ሲወጣ ጉድጓዱ ውስጥ ማንም አይኑር። ጫፉን ፈትታችሁ ሪመር ልትገጥሙ ስትሉ ድሪለሩ ሪጉን ይቆልፍ። ሪሲቨሩ መቆለፊያ ካለው እናንተም ቆልፉ። «ተቆልፏል» የሚለውን በሬዲዮ ስሙ፣ ራሳችሁም ድገሙት። ሮዱ ላይ ጂራቱቦ አስራችሁ ድሪለሩ በሪጉ ኃይል እንዲፈታው በፍጹም አትጠይቁ። ሮዱ ሲዞር ቁልፉም አብሮ ይዞራል፤ እጅም እግርም ይሰብራል፣ ሰውም ይገድላል።

ሁሉም ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ እናንተ በስም ቆጥራችሁ፣ ያኔ ብቻ «ክፈት» በሉ። ትራንስሚተሩን አጥባችሁ ባትሪውን አውጡ። የጻፋችሁትን የጥልቀት ዝርዝር ፎቶ አንስታችሁ ለኃላፊው ላኩ፤ ነገ ከጎኑ የሚቆፍረው ሰው ይፈልገዋል።